ዲስክዎ አልሞተም፤ ፎርማቱን ለጊዜው ይተዉት

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ድጋፉ አብቅቷል ስላሉኝ ወደ 11 ላሻሽለው ሞከርኩ። መጀመሪያ 80070070 የሚል ቁጥር አመጣብኝ። አንዳንድ ፋይል አጥፍቼ እንደገና ስሞክር ደግሞ ብዙ ሰዓት ከሄደ በኋላ ለውጦቹን እየመለስኩ ነው ብሎ ወደ 10 ተመለሰ። አሁን በሚያሳየኝ ቁጥር ውስጥ 1900101 እና 30018 አሉበት። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ‹ፎርማት አድርጊው› ይለኛል። ፍላሽ አዘጋጅቼ ከፍላሹ አስነሥቼ ልጭን ስል ምንም ድራይቭ አላገኘሁም አለኝ። ኮምፒውተር ያውቃል ለተባለ ሰው ባሳየው ‹ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ› አለኝ። ግን እኮ ፍላሹን ስነቅለው ዊንዶውስ 10 እንደ በፊቱ ይነሣል! ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፌና የልጆቼ ፎቶዎች አሉ። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ደግሞ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ዋይፋዩም ድምፁም ጠፍቶባታል፤ የእኔም እንዳይሆን ፈራሁ። ላፕቶፑ 11ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ነው። ፕሪንተሬ ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው፤ ይህን የምጽፈው ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስ 10 የሚነሣ ከሆነ ዲስኩ አልሞተም። ዊንዶውስ 10 ራሱ የሚነሣው ከዚያው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ዲስክ አይግዙ። ፎርማትም አያድርጉ። ጫኚው ዲስኩን ሳያይልዎ መቅረቱ እንዲያውም ጠቅሞዎታል፤ አይቶት ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ጽሑፉም ፎቶዎቹም አብረው ይጠፉ ነበር።

ማንኛውንም ሙከራ ከመቀጠልዎ በፊት የመመረቂያ ጽሑፉንና ፎቶዎቹን ከላፕቶፑ ውጭ ወዳለ ቦታ ይገልብጡ። ውጫዊ ዲስክም ይሁን የኢንተርኔት ማከማቻ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም ቢሆን ግን ይሻላል። ገልብጠው ሲጨርሱ ጥቂቶቹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩዋቸው። የፋይሉ ስም ስለታየ ብቻ ፋይሉ ተገልብጧል ብለው አይመኑ። በተለይ ዋንድራይቭ የሚጠቀሙ ከሆነ አንዳንዱ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ሆኖ ይዘቱ ኢንተርኔት ላይ ሊሆን ይችላል። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም አይርሱ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሳቸው ከጠፉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ዝግጅት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ብዙ ዘመናዊ ላፕቶፖች ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተመሰጠረ ነው፤ ባለቤቱ መመስጠሩን ላያውቅ ይችላል። ሰው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ወይም ቲፒኤምን የመሳሰሉ የደኅንነት ቅንብሮችን ሲነካካ፣ አንዳንዴም ባዮሱን ሲያሻሽል፣ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሣ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ያ ቁጥር ከሌለ የዲስኩን ይዘት ማንም ባለሙያ አይከፍትልዎትም። አሁኑኑ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ይፈልጉ። በርቶ ካገኙት በማይክሮሶፍት አካውንትዎ በስልክዎ ገብተው ያንን የመክፈቻ ቁጥር (የሪከቨሪ ቁልፍ ይሉታል) ያውጡና በወረቀት ላይ ይጻፉት። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ቁልፉ የሚያስፈልገው ላፕቶፑ አልከፈት ባለ ጊዜ ነውና።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ሰዎች ሲያዩዋቸው ደንግጠው ያልፏቸዋል፤ እርስዎ ግን መዝግበው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን አቅልለውልኛል።

80070070 ማለት ቦታ አነሰኝ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚጠይቀው 64 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ነው። ለማሻሻል ግን ዋናው ነገር በአሁኑ ሰዓት ምን ያህል ነፃ ቦታ አለ የሚለው ነው፤ አሮጌው ዊንዶውስ ሳይነካ አዲሱ ከጎኑ መዘርጋት አለበት። እኔ ቢያንስ 30 ጊጋባይት ያህል ነፃ ሆኖ ባየው እመርጣለሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ውስጥ ገብተው ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ያድርጉ፤ ትልልቅ ቪዲዮዎችን ወደ ውጫዊ ዲስክ ያዛውሩ። ይህ ቁጥር ተመልሶ ስላልመጣ የእርስዎ የቦታ ችግር የተፈታ ይመስለኛል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ይዩት።

ዋናው ነገር ያለው በሁለተኛው ኮድ ላይ ነው። በ1900101 የሚመጣ ስህተት በአብዛኛው ድራይቨርን ይመለከታል፤ ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም በማሻሻያው መካከል ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ከኋላው የሚከተለው 30018 ደግሞ የት ላይ እንደተንጠለጠለ ይናገራል። የመጀመሪያው 3 ኮምፒውተሩ አዲሱን ዊንዶውስ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣበትን ደረጃ ያሳያል። በ2 ቢጀምር ኖሮ ከዚያ በፊት፣ በ4 ቢጀምር ደግሞ በሁለተኛው ማስነሣት ላይ ወድቋል እንል ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ ለ30018 የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ከኪቦርድ፣ ከማውስና ከስክሪን በስተቀር የተሰካውን ሁሉ ነቅላችሁ ሞክሩ የሚል ነው። እርስዎ ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ ብለው የጻፉት የፕሪንተሩ ነገር እጅግ ጠቅሞኛል። በእርግጠኝነት ጥፋተኛው እሱ ነው አልልም፤ ተጠርጣሪዎቹን ስናጣራ ግን ከፊት የሚሰለፈው እሱ ነው።

ስለዚህ ፕሪንተሩን ይንቀሉ። መንቀል ብቻ ሳይሆን ከፕሪንተሩ ጋር የተጫነውን ሶፍትዌር ከሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ ያራግፉት፤ ከማሻሻያው በኋላ አዲሱን ስሪት ከአምራቹ ገጽ አውርደው መልሰው ይጭኑታል። ውጫዊ ዲስክ፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የብሉቱዝ መቀበያ ካለም እንዲሁ ይውጣ። ከዊንዶውስ ጋር ያልመጣ፣ ራስዎ የጫኑት አንቲቫይረስ ካለ ማጥፋት አይበቃም፤ ያራግፉት። አንቲቫይረሶች የራሳቸውን ድራይቨር ሥር ድረስ ስለሚተክሉ ማሻሻያን በማሰናከል ይታወቃሉ። ሲያራግፉት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር በራሱ ቦታውን ስለሚይዝ ያለ ጥበቃ አይቀሩም።

ቀጥሎ ወደ ላፕቶፑ አምራች የድጋፍ ገጽ ይሂዱ። ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን ሞዴል ወይም ሴሪያል ቁጥር ሲያስገቡ የእርስዎ ማሽን ድራይቨሮች ዝርዝር ይመጣልዎታል። ከዚያ ውስጥ ቺፕሴቱን (የማሽኑን ክፍሎች የሚያገናኘውን)፣ የስክሪን ካርዱን፣ ዋይፋዩንና ስቶሬጁን ያድሱ። አዲስ ባዮስ ካለም ይጫኑት፤ ያን ጊዜ ግን ቻርጀሩ ተሰክቶ መሆን አለበት፤ ባዮስ እየተጫነ መብራት ቢቋረጥ ማሽኑ ጨርሶ አልነሣ ሊል ይችላል። «ድራይቨርዎን ሁሉ በአንድ ጊዜ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን በፍጹም አያስገቡ። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ድራይቨር ጭነው፣ የማይፈልጉትን ማስታወቂያ ጨምረው፣ ከመጣንበት የባሰ ችግር ያመጣሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው በጭንቀቱ ሰዓት መጀመሪያ የሚያወርደው እነሱን ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ያዘጋጁት ፍላሽ ራሱ ይበቃዎታል፤ አጠቃቀሙን ብቻ ይቀይሩ። ከፍላሹ አያስነሡ። ላፕቶፑን እንደተለመደው በዊንዶውስ 10 ያስነሡ፤ ፍላሹን ይሰኩ፤ ይክፈቱትና «ሴትአፕ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ዲስኩን የሚያየው ዊንዶውስ 10 ስለሆነ ድራይቭ አላገኘሁም የሚለው ነገር አይገጥምዎትም። ማሻሻያዎችን ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ ይበሉት፤ አዳዲስ ድራይቨሮች አብረው የሚገቡት በዚያ ነው። ምን ይቆይ ብሎ ሲጠይቅ የግል ፋይሎችና ፕሮግራሞች ይቆዩ የሚለውን ይምረጡ። ያ ምርጫ ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ወደፊት አይቀጥሉ። ብዙ ጊዜ ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ በቋንቋው ወይም በእትሙ (ሆም ወይም ፕሮ በመሆኑ) አሁን ካለዎት የተለየ ሲሆን ነው እንዲህ የሚሆነው፤ በትክክለኛው ቋንቋና እትም ፍላሹን እንደገና ያዘጋጁ። ፍላሹ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ፋይል የተዘጋጀ ይሁን። ሰዎች ቀነስነው፣ አፈጠንነው ብለው የሚያድሉት ዊንዶውስ ውስጥ ምን እንደጎደለና ምን እንደተጨመረ አይታወቅም።

ሥራው ሲጀምር ይታገሡ። ፐርሰንቱ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ቢቆይ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ እየሠራ ነው። ኃይሉን በግድ ማጥፋት ብዙ ሰዓት ምንም እንቅስቃሴ ከጠፋ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ነገር ነው።

እንደገና ከወደቀ ደግሞ መገመት አያስፈልገንም። ሴትአፕዲያግ የተባለ የማይክሮሶፍት መሣሪያ የወደቀውን ማሻሻያ መዝገብ አንብቦ ምክንያቱን ያወጣል። በአዳዲሶቹ ስሪቶች ጫኚው ራሱ ያስኬደዋል፤ ውጤቱ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር፣ ሎግስ ውስጥ፣ በሴትአፕዲያግ ስም ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን ድራይቨር በፋይል ስሙ ጠርቶ ያሳያል።

ጫኚው ዲስኩን ያላየበትን ምክንያትም ልንገርዎት፤ አንድ ቀን ንጹሕ ጭነት (አሮጌውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) ቢያስፈልግዎ ይጠቅማልና። ከ11ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ዲስኩ ቪኤምዲ በተባለ መቆጣጠሪያ ሥር ተቀምጦ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። በላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 የዚያ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ስላለው ዲስኩን ያያል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ጫኚ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ነገሩ የተዘጋ በር ሲሆን ቁልፉ ቤት ውስጥ ላለው ተሰጥቶ ለእንግዳው ስላልተሰጠ ብቻ ነው። ዲስኩ ሞቷል ያሉዎት ሰው ባዮስ ውስጥ ገብተው የዲስኩ ስም መኖሩን ቢያዩ ኖሮ ያን ፍርድ አይሰጡም ነበር።

መፍትሔው ከአምራቹ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ቴክኖሎጂ ድራይቨርን፣ የቪኤምዲውን፣ ማውረድ ነው። እንደወረደ አይሠራም፤ ተፈትቶ በውስጡ ያለው ፎልደር ነው ፍላሹ ላይ የሚገለበጠው። ጫኚው ዲስክ አጣሁ ሲል «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭነው ፎልደሩን ያሳዩታል፤ ወዲያው ዲስኩ ይመጣል። ባዮስ ውስጥ ገብተሽ ቪኤምዲውን አጥፊው የሚል ምክርም ይሰማሉ። ጫኚው ዲስኩን እንዲያይ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት አሁን ያለዎት ዊንዶውስ 10 አልነሣ ይልና ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። መልሰው ሲያበሩት ይስተካከላል፤ ያን የማያውቅ ሰው ግን ኮምፒውተሬ አለቀለት ብሎ ወደ ፎርማት ይሮጣል። ስለዚህ የድራይቨሩን መንገድ ይምረጡ።

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎች አንባቢዎች ዲስኩ እየታየ «ይህ ዲስክ ኤምቢአር ነው፣ እዚህ ላይ መጫን አይቻልም» የሚል መልእክት ሊገጥማቸው ይችላል። እሱም ብልሽት አይደለም፤ የዲስኩ አከፋፈል አሮጌ፣ የማስነሻው ዘዴ ደግሞ አዲስ ሲሆን የሚመጣ ነው። ከዊንዶውስ 10 ጋር ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ ፋይል ሳያጠፋ አከፋፈሉን ይቀይራል። ዲስኩን «ክሊን» አድርጉት የሚለው ምክር ግን ሁሉንም ነገር ያጠፋል።

የጓደኛዎ ላፕቶፕ ላይ የደረሰው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዋይፋዩም ድምፁም አልተበላሹም፤ ፎርማቱ ድራይቨራቸውን ይዞት ሄደ። እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ በድራይቨር ምክንያት ለመጣ ችግር ያሉትን ድራይቨሮች ሁሉ የሚያጠፋ መፍትሔ ይሰጣል። ጓደኛዎ ስልኳን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ፣ በስልኩ ውስጥ የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን የዩኤስቢ ቴዘሪንግ ታብራ። ለአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ይዞ ስለሚመጣ ኢንተርኔት ታገኛለች። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብታ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለውን ትክፈት፤ የጎደሉት ድራይቨሮች ብዙ ጊዜ እዚያ ተሰልፈው ነው የሚገኙት።

አሁንም የቀረ ካለ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀር ትክፈት። ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ሁለት ጊዜ ስትጫነው የኮድ ቁጥር ይነግራታል። 28 ከሆነ ድራይቨሩ ጭራሽ አልተጫነም። 10 ከሆነ ድራይቨሩ አለ፤ ዕቃው ግን አልጀመረም። 43 ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ብሎ ሲያሳውቅ ይመጣል፤ የመበላሸት ጥርጣሬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው «አንኖውን ዲቫይስ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ «ዲቴይልስ» በሚለው ሥር «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ትምረጥ። በዚያ ከሚታየው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ከ«ቬን» ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹን ማንነት ይናገራሉ፤ 8086 ኢንቴል ነው፣ 1002 ኤኤምዲ። አምራቹ ከታወቀ ፍለጋው አጭር ነው።

እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ራስዎን ማዳን ይችላሉ። አሁን በሚሠራው ዊንዶውስ 10 ውስጥ፣ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስቶር በሚሉት ፎልደሮች ሥር «ፋይል ሪፖዚተሪ» የሚባል ፎልደር ያገኛሉ። ማሽኑ ላይ የተጫኑት ድራይቨሮች ሁሉ ቅጂያቸው እዚያ አለ። ፎልደሩን እንዳለ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡት። አንድ ቀን ንጹሕ ጭነት ካደረጉና ዋይፋዩ ከጠፋ፣ በዲቫይስ ማናጀር «ድራይቨር አዘምን» ሲሉት ከኮምፒውተሬ ላይ ልፈልግ የሚለውን መርጠው ያንን ፎልደር ያሳዩት፤ ንዑስ ፎልደሮችንም ይጨምር የሚለው ምልክት ይደረግበት። ያለ ኢንተርኔት ዋይፋዩ ተመልሶ ይመጣል።

ማሻሻያው ከተሳካ በኋላ ስለሚሆነው ጥቂት ልጨምር። ዊንዶውስ 11 አሮጌውን ዊንዶውስ ለ10 ቀን ያቆይልዎታል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ካልተመቸዎት ከሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ወደ 10 መመለስ ይችላሉ። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ቸኩለው አያጥፉ፤ የመመለሻው መንገድ እሱ ነው። አንድ ድራይቨር ከታደሰ በኋላ ስክሪኑ ቢንቀጠቀጥ ወይም ድምፁ ቢጠፋ በዲቫይስ ማናጀር፣ በዕቃው የድራይቨር ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ አለ፤ የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሳል። ፈቃዱም አያሳስብዎት፤ የላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 በትክክል የተመዘገበ ከሆነ 11 ያለ ተጨማሪ ቁልፍ ራሱን ያስመዘግባል። ንጹሕ ጭነት ካደረጉም ቁልፍ የለኝም ብለው ማለፍ ይችላሉ፤ ብቻ ሆም የነበረውን ሆም፣ ፕሮ የነበረውን ፕሮ አድርገው ይጫኑ።

አንዳንዴ ደግሞ ስህተቱ የእርስዎም የማሽንዎም አይሆንም። በጃንዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ለጥገና በተለየው የዲስኩ ክፍል፣ በሪከቨሪ ክፍልፋዩ ውስጥ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልግ ነበር። ክፍልፋያቸው ጠባብ የሆነባቸው ሰዎች ኮምፒውተራቸው ምንም ሳይሆን 80070643 የሚል ቁጥር ያዩ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የወሩ ማሻሻያ ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይጠቅማል። ዋናው የወሩ ማሻሻያ በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ላይ ይወጣል፤ ሴቲንግስ ውስጥም ማሻሻያን እስከ 5 ሳምንት ማቆም ይቻላል። ከዚያ በላይ መቆየትን ግን አልመክርም፤ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእነዚሁ ማሻሻያዎች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ስላበቃ ወደ 11 ለመሻገር ማሰብዎ ትክክል ነው፤ የላፕቶፕዎ ፕሮሰሰርም ለ11 ይበቃል።

እንግዲህ ፋይሎቹን ይገልብጡ፤ የቢትሎከር ቁልፉን ይጻፉ፤ ፕሪንተሩን ይንቀሉ፤ ሴትአፑን ከዊንዶውስ 10 ውስጥ ያስጀምሩ። ካልተሳካ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ አዲሱን የስህተት ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ፣ ሴትአፕዲያግ የጻፈውንና በዲቫይስ ማናጀር ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ስም ጨምረው ይጻፉልኝ።